ለእንቁራሪት ያለቀ ድምፅ

ሰኞ ጠዋት፣ የባዮሎጂ መምህርቷ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የቅጠል ጅማት እየሣለች ሳለ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ በሬ የሚያክል እንቁራሪት ጮኸ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እንቁራሪቱ ደገመ፤ ሰለሰ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና በሰው ቋንቋ መናገር ጀመረ።

«የሰፈር ሰዎች! አሁን የሰማችሁት እኔ ነኝ። ከእኔ አስበልጠው የሚጮኹት ግን እዚያ ረግረጉ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ቅዳሜ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ጆሮ ያለው ሁሉ ይምጣ! ወንበር ያለው ወንበሩን፣ ወንበር የሌለው መቀመጫውን ይዞ ይምጣ!»

«ቲቸር፣ ጡሩምባ መጣ!» አለ ከኋላ አንዱ ተማሪ፤ ሌሎቹ እርስ በርስ ተጠቃቀሱ።

ጡሩምባ የከተማው ለፋፊ ነው። ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ የተገጠመላት አሮጌ ሚኒባስ አለችው። አዲስ ሱቅ ሲከፈት፣ ኳስ ጨዋታ ሲኖር፣ ልጅ ሲጠፋ፣ ውሃ ሊቋረጥ ሲል ሕዝቡ የሚሰማው ከእሱ ነው። ድምፁ ወፍራም ሆኖ ጠርዙ ላይ የሳቅ ጭረት አለው። መርዶ ሲናገር እንኳ ሰው የሚጽናናበት ዓይነት ድምፅ ነው።

መምህርቷ ደግሞ ድምፅ የላትም። ማለትም አላት፤ ግን ከሦስተኛው ዴስክ አያልፍም። የከተማው ምክር ቤት ረግረጉን አፈር ሞልቶ መጋዘን ሊያሠራበት ማሰቡን የሰማች ጊዜ፣ እዚያ ውስጥ የሚኖረውን ፍጥረት አንድ በአንድ እየጠራች ልትከራከር ሄዳ ነበር። «እትዬ መምህርት፣ በአንድ ሰው ቃል ብቻ እንዴት ይሆናል?» አሏት። እርዳታ የጠየቀቻቸው የአንድ ምርምር ተቋም ሰዎች ያሏትም ከዚህ ብዙ አልራቀም፦ ብዙ ጆሮ አምጪ፤ በአንድ ምሽት፣ በረግረጉ ዙሪያ ሁሉ፣ ሰው ተቀምጦ የሰማውን ይመዝግብ፤ ያኔ ማስረጃ ይሆናል። አምና ሞከረች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንዲት ወረቀት ለጠፈችና ጠበቀች። የመጡት የትምህርት ቤቱ ዘበኛና በጓ ጠፍቶባት ፍለጋ የወጣች አንዲት ሴት ነበሩ።

ዘንድሮ ጡሩምባ ጋ ሄደች። ሰውየው አዳመጣት። እስከ መጨረሻው ነው ያዳመጣት፤ ሳያቋርጥ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቀጭኗ ድምፅዋ እንዳታመልጠው የፈራ ይመስል። ስትጨርስ፣ «እንቁራሪት አስተዋውቄ አላውቅም» አለ። «ግን ብዙ ሹም አስተዋውቄያለሁ።»

በሳቅ የጀመረ ነገር እዚያው ሳቅ ላይ አልቆመም። እሷም አሁን፣ ተማሪዎቹ ፊቷን እንዳያዩት ወደ ሰሌዳው ዞራ፣ ያንኑ የቅጠል ጅማት ደግማ ደግማ ትሥል ነበር።

*

ጡሩምባ የእንቁራሪቶቹን ጥሪ የተማረው ከዚያ ሰኞ በፊት፣ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በእሷ ስልክ ላይ ከተቀዳ ድምፅ ነው። ሰው በቀላሉ እንዲለያቸው ስም አውጥታላቸው ነበር፦ ከሆድ የሚጮኸው «በሬው»፣ ዘይት እንደጠማው በር የሚንቋረረው «ማጠፊያው»፣ ጠብ ጠብ የሚለው «ጠብታው»። ጡሩምባ ጉንጩን ነፍቶ በሬውን ሲሞክር ዓይኑ ፈጠጠ፤ እሷም አፏን በመዳፏ ከድና ሳቀች።

«አትሳቂ እንጂ! ሰው ሥራ ላይ ነው።»

«በሬው እንደዚህ አያስልም።»

«ጉንፋን የያዘው በሬ ነዋ።»

ማጠፊያውን ግን አቃተው። «ምላስህን ወደ ላይ አጣብቀው» አለችው። አልገባውም። ልታሳየው ጠጋ አለች። አፏን ከፈት አድርጋ፣ መምህር መሆኗን ረስታ፣ በዚያች ትንሽ ድምፅዋ ማጠፊያውን ጮኸችለት። ጡሩምባ አልሳቀም። ዓይኑ ፊቷ ላይ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት የመስታወት ዕቃዎች ሁሉ የሚያዩዋቸው መሰላት።

«ለምንድን ነው ግን» አለ ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዲህ የምትደክሚላቸው?»

«ማንም አይሰማቸውማ» አለች። «ያሉ አይመስልም። ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ ሲጠፋም አይታወቅም።»

ፖስተሮቹን አብረው ሣሉ፤ ፀጉር ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ የአውቶቡስ ፌርማታ፣ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ አብረው ለጠፉ። ሙጫ እጃቸው ላይ ሲደርቅ እየተያዩ ይልጡት ነበር። «እወድሻለሁ» ያለ ማንም የለም። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ጣቶቿን ለመታጠብ ልቧ እምቢ ይላት ነበር።

*

አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። እሳቸው ካልተቀመጡ ማዕድ አይቀርብም፤ እሳቸው ካልተናገሩ ወሬ አይጀመርም። ማክሰኞ ምሳ ላይ ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ያ ሚኒባስ ላይ የሚጮኸው ሰው ምንሽ ነው?» አሏት።

እናቷ ወደ ሳህኗ አቀረቀረች።

መምህርቷ የቆረሰችውን እንጀራ መልሳ አስቀመጠችው። ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀችው መልስ ነበራት፤ በመስታወት ፊት ስንቴ ተለማምዳዋለች። አሁን ግን ከዚያ ሁሉ ቃል አንዱም አልመጣ አላት።

«ምኔም አይደለም» አለች በለሆሳስ።

«ምን?»

«ምኔም አይደለም!»

«አልሰማሁሽም። ሰው ሁሉ ሲያወራ እኔ ብቻ ልቅር?»

«ምኔም አይደለም አልኩ፣ አባባ!» ጮኸች። በሕይወቷ እንዲያ ጮኻ አታውቅም። «ለፋፊ ነው! ሥራው መለፈፍ ነው፤ አስለፈፍኩት፤ አለቀ!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ቃሉ ገና በጆሮዋ እያስተጋባ ሳለ፣ የእናቷ ዓይን ከትከሻዋ በላይ ወደ ኮሪደሩ ሲያይ ተመለከተች። ዞር አለች። ጡሩምባ፣ እናቷ ቅድም በር ከፍታ «ቆየኝ፣ ልጥራት» ብላ ያስገባችው፣ የደረቁ ፖስተሮች በብብቱ ይዞ ቆሟል።

ክው አለች። ምድር ብትከፈት ዘላ ትገባ ነበር።

ፖስተሮቹን ቀስ ብሎ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። «ምሳችሁን አቋረጥኩ፤ ይቅርታ» ብሎ ለቤቱ ሁሉ እጅ ነስቶ ወጣ።

ተከትላ ስትሮጥ ሚኒባሱን አስነስቷል። መስኮቱን ይዛ ስሙን ጠራችው፤ ጡሩምባ ሳይሆን እናቱ ያወጣችለትን።

«ቅዳሜ እንደተባለው ነው» አለ፣ ፊቱን ከመንገዱ ላይ ሳያነሣ። «ለሰው የለፈፍኩትን አላጥፍም።» ዓይኑ አንዴ፣ ለቅጽበት፣ ወደ እሷ መጣ። ቁጣ ቢሆን ኖሮ በቀለላት። ያየችው ግን ሀፍረት ነበር፤ ባላጠፋው ጥፋት የተሸማቀቀ ሰው ሀፍረት።

*

ከዚያ ቀን በኋላ ድምፁን እንጂ እሱን አላየችውም። ጠዋት በገበያው በኩል፣ ከሰዓት በላይኛው ሰፈር፣ እንቁራሪቱ ይጮኻል፤ ሕዝቡ ይስቃል። በማግስቱ ይበልጥ ከሩቅ መጣ። ቀጥሎ ጭራሽ አልተሰማትም። ተወው ማለት ነው አለች በልቧ፤ ቢተወውስ ምን ይፈረድበታል? የይቅርታ መልእክት ስልኳ ላይ ጻፈች፤ አጠፋችው፤ ጻፈች፤ አጠፋችው። እያንዳንዱ ቃል ከሰበረችው ነገር አንሶ ታያት።

በመጨረሻ እህቱ ጋ ሄደች። ታላቅ እህቱ ፀጉር ሠሪ ናት። የአንዲት ደንበኛ ፀጉር ላይ ማበጠሪያዋን ሰክታ፣ መምህርቷን በመስታወቱ ውስጥ አየቻት እንጂ አልዞረችም።

«እትዬ፣ ለፋፊ ብዬ ሰድቤዋለሁ።»

«እሱማ ስድብ አይደለም» አለች እህቱ። «ለፋፊ ነዋ! ዳቦ የምንበላው በመለፈፉ ነው።» ማበጠሪያውን ነቀለች። «‹ምኔም አይደለም› ያልሽው ነው አንጀቱን የቆረጠው። ወንድሜ መሰደብ ያውቃል። የሚወደው ሰው ሲደብቀው ግን አልለመደም።»

ደንበኛዋ እንኳ ሳትቀር በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን ሰበረች። መምህርቷ ከፀጉር ቤቱ ስትወጣ፣ በሩ ላይ ራሳቸው የለጠፉትን ፖስተር ማየት አቅቷት በሌላው ወገን ዞራ ሄደች።

ዓርብ አመሻሽ ላይ እናቷን ልብስ ስትተኩስ አገኘቻት። አጠገቧ ቁጭ አለች፤ እንባዋም ሳታስበው መጣ።

«እኔስ ያቺን ተረት እያሰብኩ ነበር» አለች እናቷ፤ «‹አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው?› ሲሏት ‹አፍ ያለው› ያለችውን። ከአንቺ ይልቅ ብልህ ነበረች።»

«እማዬ፣ አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም።» ካውያውን አቁማ አስቀመጠችው። «አባትሽ አይሰማም። እንዳትነግሪው እንጂ፣ ከችሎት የወጣው በጡረታ ብቻ አይደለም፤ የምስክሮቹን ቃል መለየት ሲያቅተው ነው። ለማንም አልተናገረም። እኔንም ‹ድምፅሽን ደበቅሽ› እያለ ይቆጣል። የዚያ ልጅ ድምፅ ሲመጣ ግን መስኮቱ ጋ ይሄዳል። ማንንም ‹ምን አለ?› ብሎ ሳይጠይቅ የሚሰማው ድምፅ እሱ ብቻ ነው። ሰሞኑን ሲጠፋ ‹የት ሄደ?› አለኝ።»

መምህርቷ የአባቷን ጩኸት፣ «ምን? ምን?» የሚሉበትን ቁጣ፣ ዕድሜ ልኳን የፈራችውን ያንን ፊት አሰበች። ቁጣ አልነበረም። ብቸኝነት ነበር። የሁለቱም ወንዶች ሐዘን በአንድ ጊዜ ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

*

ቅዳሜ ሕዝቡ መጣ።

መጣ ማለት አይገልጸውም፤ ጎረፈ። ከገበያው፣ ከላይኛው ሰፈር፣ ከወንዝ ማዶ ሳይቀር ወንበርና ምንጣፍ፣ ሕፃንና አሮጊት ይዞ ጎረፈ። መምህርቷ በረግረጉ ዙሪያ የተከለቻቸው ባለ ቀለም ችካሎች በሰው ተዋጡ። ተማሪዎቿ የጥሪዎቹ ስም የተጻፈበት የመመዝገቢያ ካርድና እርሳስ ያድላሉ። ከምርምር ተቋሙ የመጣችው ተመራማሪ፣ «ይህን ሁሉ ሰው ከየት አመጣሽው?» እያለች ትደነቃለች። የምክር ቤቱ ሰው እንኳ ካርድ ተቀብሎ ከሸምበቆው ዳር ተቀምጧል። አባቷና እናቷ በሁለት ታጣፊ ወንበር ላይ፣ ዳኛው በሙሉ ልብሳቸው።

ችግሩ ጫጫታው ነበር። ረግረጉ ገበያ ሆነ። ፀሐይዋ ወደ ሸምበቆው ጫፍ ወርዳለች፤ እንቁራሪቶቹ የሚጀምሩበት ሰዓት ነው፤ ግን ሰው በሰው ላይ ያወራል፣ ይስቃል፣ ይጠራራል፤ ከውሃው አንዲት ጠብታ ድምፅ አልወጣችም። «እባካችሁ!» አለች መምህርቷ። «እባካችሁ፣ ዝም እንበል!» አጠገቧ ያሉት ጥቂቶች ዞር አሉ፤ ሌላው አልሰማም። የምክር ቤቱ ሰው ሰዓቱን አየ።

ሚኒባሱ ከመንገዱ ዳር ቆሟል። ጡሩምባ በሩ ላይ ተደግፎ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ፣ ውሃውን ያያል። በሕዝቡ መሐል እየተጋፋች ሄደች። ፊት ለፊቱ ስትደርስ በእጇ ወደ ሕዝቡ ጠቆመች።

«ዝም አሰኝልኝ» አለችው። «አንተን ይሰሙሃል።»

አፉን ከፈተ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ደግሞ ሞከረ፤ የተሰነጠቀ ሹክሹክታ ሆነ። ጣቱን ወደ ጉሮሮው ጠቁሞ ራሱን ነቀነቀ።

«ድምፁ ተዘግቷል» አለች እህቱ ከኋላው። «ማጉያው ሐሙስ ዕለት ተበላሸበት። ‹ይቅርብህ› ብለው እምቢ አለ። በእግሩ ወንዝ ማዶ ድረስ ሄዶ፣ ደጃፍ ለደጃፍ፣ በባዶ ጉሮሮው ሲጮህ ከረመ። ማጉያው ዛሬ ጠዋት ተጠገነ፤ ጉሮሮ የሚጠግን ግን አልተገኘም።»

መምህርቷ ዞራ ያንን ሁሉ ሰው አየች። ተወው ብላ ባሰበችባቸው ቀናት፣ እሱ «ምኔም አይደለም» ላለችው ሴት እንቁራሪት ሲጮህ ነበር። ጡሩምባ ማይኩን አነሣና ዘረጋላት።

ማይኩን ያዘችው።

«ስሙኝ» አለች።

ድምፅዋ ከጣሪያው ላይ ወጥቶ በውሃው ላይ ተዘረጋ። ራሷ ደነገጠች። ሰው ሁሉ ዞረ።

«እዚህ የጠራችሁ ድምፅ ዛሬ የለም። እናንተን ሲጠራ አልቋል።» ዓይኗ አባቷን ፈለገ፤ አገኘ። «አባባ፣ ‹ምንሽ ነው?› ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ፈርቼ ‹ምኔም አይደለም› አልኩ። ውሸት ነው። በጓዳ የዋሸሁትን በአደባባይ ላርመው። የምወደው ሰው ነው። የሚያፍርበት ነገር የለውም፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ፣ በራሴ ፍርሃት።»

ዳኛው ለአንዴ እንኳ «ምን?» አላሉም። ሰምተዋል። አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ደርቆ ቀረ።

«አሁን» አለች መምህርቷ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ካርዳችሁን ያዙ። ዝም እንበልና እንስማቸው።»

ማይኩን ዝቅ አደረገች። ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። ሕፃናቱም ዝም አሉ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከሸምበቆው ሥር አንዲት ጠብታ፤ ሁለተኛ፤ ከወዲያ ማዶ ማጠፊያው ተንቋረረ፤ በሬው ከጥልቁ መለሰለት፤ ረግረጉም ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ። እርሳሶች ወረቀት ላይ መንሸራተት ጀመሩ።

መምህርቷ ግን አባቷን ታይ ነበር። ሁሉም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ፈገግ ሲል፣ እሳቸው ባዶ ካርዳቸውን ይዘው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ይመለከታሉ። መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ፤ አነሡት።

ጡሩምባም አይቷቸዋል። ከሚኒባሱ ተነሥቶ በዝግታ ሄደና አጠገባቸው ተንበረከከ። የሚናገርበት ድምፅ አልነበረውም። የዳኛውን እጅ ወስዶ መዳፋቸውን ገለጠ። ጠብታው ሲመጣ በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረጋቸው። ማጠፊያው ሲጮህ በጥፍሩ ረዘም አድርጎ ጫረ። በሬው ሲያጓራ ጡጫውን መዳፋቸው ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ ተጫነ። ዳኛው እጃቸውን ሊስቡ ፈለጉ፤ ምስጢራቸው የተያዘባቸው ሰው ናቸውና። ኋላ ግን ተዉት። ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እርሳሳቸውን በሌላው እጃቸው አንሥተው ካርዱ ላይ ምልክት ማድረግ ጀመሩ፤ በጥንቃቄ፣ እንደ ፍርድ።

እናቷ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች።

*

ካርዶቹ ሲሰበሰቡ ተመራማሪዋ ድንገት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ከተለያየ አቅጣጫ በመጡ ብዙ ካርዶች ላይ፣ ሳይመካከሩ፣ አንድ ዓይነት ነገር ተጽፏል፦ «ሌላም አለ፤ እንደ ፉጨት ያለ፤ ካርዱ ላይ የለም»። ለመምህርቷም አዲስ ነበር። ስንት ጊዜ ብቻዋን መጥታ ስትሰማ አምልጧት ኖሯል። ተመራማሪዋ «በሚቀጥለው ሳምንት መቅጃ ይዤ እመለሳለሁ» አለች። የምክር ቤቱ ሰው ምንም ተስፋ አልሰጠም፤ ነገር ግን ካርዱን አጣጥፎ ከመጣል ይልቅ አምጥቶ በእጇ ሰጣት፤ ፉጨቱን እሱም ጽፎታል።

ዳኛው በሚስታቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩአት። መምህርቷ ዓይኗን አልሰበረችም።

«በሕዝብ ፊት የተሰጠ ቃል ነው» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ለአንዴ ዝቅ ያለ ነበር። «ይግባኝ የለውም።» ወደ ጡሩምባ ዞሩና በክንዱ ያዙት፤ ሊናገሩ ፈልገው ቃል ስላጡ፣ መዳፉን ገልጠው በጣታቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉትና ሄዱ።

ሕዝቡ ተበተነ። ሁለቱ ብቻ ቀርተው ችካል ነቀሉ፣ የተረሱ ምንጣፎችን አጣጠፉ። ሚኒባሱ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መካከላቸው ትንሽ ክፍተት ነበር።

«ያምሃል?» አለችው።

ጉሮሮውን ነካ አደረገና ከንፈሩን አጣመመ።

«እሱን አይደለም።»

ፎጣውን ከአንገቱ ፈታ። ከዚያ በዚያ የተሰነጠቀ ሹክሹክታ፣ «ትንሽ» አለ። «አንድ ቀን ይሽራል። ዛሬ ግን አሁንም ትንሽ ያመኛል።»

«ይመምህ» አለች። «እስኪሽር እዚሁ ነኝ።»

እጁን በመካከላቸው ባለው ክፍተት ላይ አስቀመጠ። ያዘችው። ሊናገር ሲል «አትናገር፤ ጉሮሮህ ይረፍ» አለችውና ራሷ ማውራት ጀመረች። ስለ ፉጨቱ አወራች፤ በስንት ሰው ጆሮ ተገኝቶ ከእሷ እንዴት እንዳመለጠ፤ ሰኞ ለተማሪዎቿ ምን እንደምትላቸው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷን እንዴት ስትፈራቸው እንደኖረች፤ ለማንም ነግራ የማታውቀውን ነገር፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለች። ድምፅዋ ከሦስተኛው ዴስክ የማያልፈው ያው ትንሹ ድምፅ ነው። እሱ ግን ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ከከንፈሯ ሳያነሣ፣ አንዱንም ቃል መሬት አልጣለም። ስታወራ ሌሊቱ ገፋ፤ ስታወራ ጨረቃ ወጣች፤ በሕይወቷ ሙሉ ተናግራ ያልጠገበችው ነገር ሁሉ እየወጣ ሲሄድ፣ ደረቷ ውስጥ የቀረው ሰፊ፣ ቀላል፣ ሞቃት ጸጥታ ነበር።